በስዕል መፅሐፍ የጥቁር አሜሪካውያንን የመብት ትግል ያስተማራችሁ አላችሁ?

መምህርት ከደሴ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስድስተኛ ክፍል ነው የማስተምረው፣ አሜሪካ ያለች እህቴ አውቶብስ ላይ ለነጭ አልነሳም ስላለችው ሮዛ ፓርክስና የነጮች ትምህርት ቤት ስለገባችው ጥቁር ህፃን ሩቢ ብሪጅስ ሁለት የስዕል መፅሐፍ ላከችልኝ። ግን ተማሪው 60 ምናምን ነው፣ መፅሐፉ አንድ አንድ፣ እንግሊዝኛውም ይከብዳቸዋል፣ ባለፈው ስሞክር ኋላ ያሉት ስዕሉን ሳያዩ ተደወለ። ደግሞ አንዱ ልጅ "ቲቸር፣ እኛ ታክሲ ላይ ለትልቅ ሰው እንነሳ የለ፣ እሷ ለምን አልተነሳችም?" ሲለኝ መልስ አጣሁ፣ እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። ምን ትሉኛላችሁ?

የኮምቦልቻው፦
አብሽሪ እህቴ፣ የልጁን ጥያቄ ይዘሽ ግቢ። ለትልቅ ሰው የምንነሳው ወደን ነው፣ ነገ ስናረጅ ለኛም ይነሱልናል። ሮዛን ተነሺ ያላት ሹፌሩ ነው፣ የቆመው ሰውዬ ነጭ ስለሆነ ብቻ፣ ያውም እሷ የተቀመጠችው ለጥቁር በተመደበው በኩል ሆና፣ አንድ ነጭ እንዲቀመጥ አራት ጥቁር ይነሳ ተባለ፣ ሶስቱ ተነሱ እሷ እምቢ አለች። ደክሟት ነው የሚል ካለበት አርሚላቸው፣ ሴትዮዋ 42 ዓመቷ ነበር፣ የመብት ማህበር ፀሐፊ ሆና ስንት ዓመት የሰራች ናት። ከሷ 9 ወር ቀድማ ክላውዴት ኮልቪን የምትባል የ15 ዓመት ተማሪ እዛው ሮዛ የነበረችበት ሞንጎምሪ ከተማ አልነሳም ብላ ታስራለች፣ የኔ ልጆች ከሮዛ ይልቅ የወደዱት እሷን ነው። የሮዛን ቀን በኛ ስንቆጥረው ህዳር 21 ቀን 1948፣ ህዳር ፅዮን ዕለት ሆኖ ሲወጣ ክፍሉ ተንጫጫ። ከዛ የከተማው ጥቁሮች 381 ቀን አውቶብስ አንሳፈርም ብለው በእግር ሄዱ፣ አንቺም ከቧንቧ ውሃ ፒያሳ በእግር ደርሶ መልስ ከዓመት በላይ በያቸው፣ ይገባቸዋል።

ሐይቅ ላይብረሪ፦
ሙሉውን አታንብቢው። ፅሁፉን በወረቀት ሸፍኚና አንድ ስዕል ብቻ በቡድን በቡድን ይዙር፣ ያዩትን በአማርኛ ይፃፉ። እኔ የወሰድኩት ሩቢ ቦርሳዋን ይዛ በፌደራል ጠባቂዎች መሃል የምትሄድበትን ነው፣ 6 ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ኒው ኦርሊየንስ። አንዷ ተማሪ ጣቷን ስዕሉ ላይ አድርጋ "ጓደኞቿስ የት አሉ?" አለች። እውነትም ነጭ ወላጆች ልጆቻቸውን አስወጥተውባት ዓመቱን ሙሉ ከአንዲት አስተማሪ ጋር ብቻዋን ነው የተማረችው። ድራማ ግን አታሰሪያቸው በናትሽ፣ እኔ ነጭ ጥቁር ብዬ ከፍዬ ቆዳዋ ጠቆር ያለች ልጅ "ሁሌም እኔን ነው" ብላ አልቅሳብኛለች፣ ወላሂ ዛሬም ይቆጨኛል።

ጋሼ ከወልድያ፦
ልጆቼ፣ ሲጨርሱ የራሳችንን ይሳሉ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሙ ለእኩልነት ሰልፍ ሲወጣ ክርስቲያኑም አብሮ ወጥቷል፣ ኢድ፣ አረፋና መውሊድ የመንግስት በዓል የሆኑት ከዛ በኋላ ነው። ከዛ በፊት በዓሉ እንዴት ይውል እንደነበር አያቶቻቸውን ጠይቀው በደብተር ወረቀት ሰፍተው ያምጡ።

መምህርት ከደሴ፦
ጋሼ እድሜ ይስጥልን፣ ይሄ አልታሰበኝም ነበር። ሐሙስ በሩቢ ስዕል እጀምራለሁ፣ ለዛ ልጅም ስለ ታክሲው እመልስለታለሁ።