ምልዓተ ጉባኤ ላልሞላለት ማኅበራችን ምክር እፈልጋለሁ

ሰላም ወገኖች፣ ከደብረ ማርቆስ ነው የምጽፈው። ቋንቋን በቴክኖሎጂ የሚያስተምሩ መምህራንን ያሰባሰበ የሙያ ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። አባሎቻችን ከደጀን እስከ ዳንግላ፣ ከሞጣ እስከ ቡሬ ተበታትነዋል። የቦርዱ የሥራ ዘመን አልቋል፤ ምልዓተ ጉባኤ ግን አልሞላ አለ። መንገድ ሲዘጋ ሰው አይመጣም፤ በዙም እንዳንሰበሰብ ኔትወርኩ አያስተማምንም።

ሥራው ግን አልቆመም። ኮሊብሪ የተባለው የመማሪያ ሶፍትዌር ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ አንድ ላፕቶፕ ላይ ጭነን በዋይፋይ ለተማሪዎች ስልክ እናደርሳለን። በአዊ ያሉት ባልደረቦቻችንም የአዊኛ ትምህርት በድምፅ እየቀዱ ነው፤ ይህ እንዲቋረጥ ፈጽሞ አልፈልግም።

መተዳደሪያ ደንባችን ስለ ውክልና ምንም አይልም። አባላት በየወረዳቸው መርጠው ተወካይ ቢልኩ ሕጋዊ ይሆናል? ደንቡን ለማሻሻልም ያው ጉባኤ ያስፈልጋል፤ የተያዝነው እዚህ ላይ ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶችን አዋጅ ቁጥር 1113/2011ን የምታውቁ፣ ወይም ከክልል መዝጋቢ ጋር እንዲህ ያለ ጉዳይ የጨረሳችሁ፣ እባካችሁ ከየት ልጀምር? የውክልና ደብዳቤ ናሙና ያላችሁም ብታካፍሉኝ።