አስቸኳይ! በጄኔሪክ ፈንክሽን ላይ የጂዲቢ ቴስት እየወደቀብኝ ነው (ራስት)

የሌሊት_ኮደር
ሰላም ቤተሰብ፣ እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። አንድ ጄኔሪክ (ለብዙ የዳታ ዓይነት የሚሠራ) ፈንክሽን አለኝ፣ በሦስት ታይፕ ነው የምጠራው፦ በአይ32 (ሙሉ ቁጥር)፣ በኤፍ64 (የነጥብ ቁጥር)፣ ከዚያ በራሴ ስትራክት። ጂዲቢን (የፕሮግራምን ውስጥ የሚያሳየውን ዲበገር) ባች ሞድ ላይ (ያለ ሰው እጅ) አስነስቼ፣ ትእዛዞቹን ከፋይል አስነብቤ፣ ፈንክሽኑ ውስጥ ያለውን "ሪዛልት" የሚባል ቫሪያብል አስጽፌ፣ የሚወጣውን ከተቀመጠ ፋይል ጋር አስተያያለሁ። እኔ ላፕቶፕ ላይ ያልፋል። ሲአይ (ቴስቶቹን በራሱ የሚያስኬደው ሰርቨር) ላይ ግን ይሄ ነው የሚወጣው፦

$1 = 1
$2 = <ኦፕቲማይዝድ አውት>
ኖ ሲምቦል "ሪዛልት" ኢን ከረንት ኮንቴክስት

ከዚያ በኋላ ጭጭ። የኤፍ64ቱም የስትራክቱም የለም። ነገ ጠዋት ሜርጅ መደረግ (ዋናው ኮድ ውስጥ መግባት) አለበት። ጂዲቢ ጄኔሪክ አይደግፍም ማለት ነው?

ጋሽ_ሊኑክስ
ልጄ፣ መጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ። ራስት ጄኔሪክን የሚሠራው በሞኖሞርፋይዜሽን ነው፤ በጠራኸው ታይፕ ልክ ለየብቻው ማሽን ኮድ ይወጣል። አንድ መስመር ላይ ብሬክፖይንት (ፕሮግራሙ እንዲቆም የምታዝዝበት ቦታ) ጥለህ ጂዲቢ "3 ሎኬሽንስ" የሚልህ ለዚህ ነው። ያልተጠራ ጄኔሪክ ኮድም የለው፣ ብሬክፖይንት የሚያርፍበትም የለው። ጃቫ እንዲህ አይደለም፣ እዚያ ታይፑ ተሰርዞ አንድ ኮድ ብቻ ነው የሚቀረው። "አይደግፍም" ላልከው ደግሞ፣ ጂዲቢ ራስትን ማወቅ የጀመረው በ2016 ከወጣው 7.12 ጀምሮ ነው። ወደ ሲፕላስፕላስ ቴምፕሌት ስንመጣ...

አራዳው_ባይት
ጋሼ ሲፕላስፕላስ ጋ ሳንደርስ ልጁ ይባረራል 😂

ሴሚኮለን
የኮምፓይለሩን -ጂ ፍላግ ጨምርበት። ዲበግ ኢንፎ (ጂዲቢ መስመሩንና ቫሪያብሉን የሚያውቅበት መረጃ) የለህም።

የሌሊት_ኮደር
አለው ወንድሜ፣ የመስመር ቁጥሩን በትክክል እያሳየ እኮ ነው።

ፕሪንት_ይበቃል
አልገባኝም፣ ዲበገር የሚያወጣውን ቴስት ማድረግ ምን ይሉታል? ፈንክሽኑ የሚመልሰውን አሰርት አድርግና ተኛ።

የሌሊት_ኮደር
የምሠራው እኮ ስትራክቱን ጂዲቢ ውስጥ አሳምሮ የሚያሳይ ስክሪፕት ነው። ካልታየ ምኑን ልፈትን?

ፕሪንት_ይበቃል
እሺ፣ ይሄን ከመጀመሪያው ብትለው ምን ነበረበት።

ጥቁር_ተርሚናል
ሲአዩ የሚቢልደው በሪሊዝ (ለፍጥነት በተመቻቸው ሞድ) ነው አይደል? ሪሊዝ በነባሪ ዲበግ ኢንፎ አያወጣም፤ አንተ ካርጎ ፋይሉ (የፕሮጀክቱ ማስተካከያ) ላይ ስላበራኸው መስመሩ ይታያል፣ ኦፕቲማይዜሽኑ ግን ደረጃ 3 ላይ ነው። ትንሽ ፈንክሽን ከሆነ ሜይን ውስጥ ኢንላይን ይሆናል (ኮዱ እዚያው ይገለበጣል)፣ ቫሪያብሉም ይተናል። ይባስ ብሎ አይ32 እና ዩ32 ዓይነት ማሽን ኮዳቸው አንድ የሚሆኑትን ኤልኤልቪኤም (ራስት ማሽን ኮድ የሚያወጣበት ክፍል) አዋህዶ አንዱን ብቻ ሊያስቀር ይችላል፤ ያኔ ጂዲቢ የሌላኛውን ታይፕ ስም ይጽፍልሃል።

ጭጭ ያለበት ምክንያት ሌላ ነው። ጂዲቢ ከፋይል ሲያነብ አንድ ትእዛዝ ኤረር ካወጣ የቀረውን አይነካውም፣ እዚያው ያቆማል። ስለዚህ ኤፍ64ቱና ስትራክቱ አልወደቁም፣ ገና አልተጠየቁም። ትእዛዞቹን አንድ በአንድ ጂዲቢን ስታስነሳ በ"-ኢኤክስ" ፍላግ ስጠው፣ ሁሉንም ይሞክራቸዋል። ግን ልብ በል፣ ኤረር ያወጣ ፕሪንት የ$ ቁጥር አይወስድም፤ $4 የነበረው $3 ይሆንና ታች ያለው ሁሉ አብሮ ይወድቃል።

ሴሚኮለን
እኔ አሁንም -ጂ ነው የምለው።

አራዳው_ባይት
ይሄ ሰውዬ ራስ ምታትም በ-ጂ ነው የሚያክመው

የሌሊት_ኮደር
ሪሊዝ ነው!! ሌላ ልጅ ለፍጥነት ብሎ ቀይሮታል። ወደ ዲበግ ስመልሰው ሦስቱም መጡ 🙏 አሁን የወደቀው ባክትሬስ (ማን ማንን እንደጠራ የሚያሳየውን ዝርዝር) የማስተያይበት መስመር ነው። ፈንክሽኑ ስም ፊት ያለው 0ኤክስ ምናምን ከፋይሉ ጋር አይገጥምም። "ሪዛልት"ም የስትራክቱ ላይ ዝባዝንኬ ቁጥር ነው የሚያሳየኝ።

ጥቁር_ተርሚናል
0ኤክሱ የሜሞሪ አድራሻ ነው፣ ከማስተያየትህ በፊት በሴድ (ጽሑፍ በሚያርመው ትእዛዝ) አጥፋው። ሲምቦል ስም ላይ ያለውን ሃሽም (ኮምፓይለሩ የሚቀጥለውን ኮድ) እንደዚሁ፣ ኮምፓይለር ስትቀይር ይለወጣል።

ዝባዝንኬው ደግሞ ብሬክፖይንቱን ሪዛልት የሚሞላበት መስመር ላይ ስለጣልከው ነው። ጂዲቢ የሚቆመው መስመሩ ከመሠራቱ በፊት ነው። ከሱ በታች ባዶ ፈንክሽን ጥራና እዚያ መስመር ላይ ቁም። የራስት ኮምፓይለር የራሱን የዲበግ ኢንፎ ቴስቶች የሚጽፈው እንዲሁ ነው፤ ዜድዜድዜድ የምትባል ባዶ ፈንክሽን አለችው፣ የጂዲቢው ትእዛዝና የሚጠበቀው መልስ እዚያው ፋይል ላይ በኮመንት ተጽፎ ይቀመጣል። በእያንዳንዱ ታይፕ መካከል "ኮንቲኒው" ማለት አትርሳ፣ ቅደም ተከተሉም በአጠራሩ ነው።

ጋሽ_ሊኑክስ
እኔም ልለው የነበረው ይሄንኑ ነው።

ቡና_በሌሊት
@የሌሊት_ኮደር አለፈልህ ወይ? እኔ ማክ ላይ በኤልኤልዲቢ (ሌላ ዲበገር ነው) ተመሳሳይ ነገር ይዤ ተቀምጫለሁ፣ ቁጥሩ ከ$0 እየጀመረ የተቀመጠው ፋይል በሙሉ አይገጥምም። ለሁለቱም ዲበገር አንድ ፋይል የሚጠቀም ሰው አለ?