የቻይና አዲስ ዓመት ጓደኛዬ ቤት ተጋብዣለሁ፤ ምን ይዤ፣ ምን ለብሼ ልሂድ?

የቲያንጂን ተማሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዶርም ጓደኛዬ ለአዲስ ዓመት ሄቤይ ገጠር ያሉ ወላጆቿ ቤት ወስዳኝ ልትሄድ ነው። ዋዜማው ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2026 ነው፤ በእኛ ሰኞ የካቲት 9 ቀን 2018፣ ዐቢይ ጾም የሚገባበት ዕለት! የዋዜማው እራት ደግሞ የዓመቱ ትልቁ ማዕድ ነው ይላሉ። እንዴት ልሁን? ስጦታስ ምን ይሻላል? ነጭ የሐበሻ ቀሚሴን ልለብስ አስቤያለሁ።

አምስት ዓመት ጂናን፦ እህቴ፣ ጾሙ አያስጨንቅሽ፤ ግን ለጓደኛሽ ዛሬውኑ ንገሪያት። ማዕድ ላይ ቀርበሽ አልበላም ብትዪ እናትየው ያዝናሉ፤ ቀድመው ካወቁ ግን ያዘጋጁልሻል። ዋዜማ ማታ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ጅያውዚ (በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ የሚቀቀል፣ ሙሌት ያለው ምግብ) ይጠቀልላል። አንቺም እጅሽን ታጥበሽ ግቢበት፤ የራስሽን በጎመንና ከአኩሪ አተር በሚሠራው ቶፉ ሙዪው። አደራ፣ "ሱ" ሲሉሽ ጾም ነው ብለሽ አትመኚ፤ ሥጋ የለውም ማለት ነው እንጂ ቅጠል ሽንኩርት በእንቁላል ሊሆን ይችላል። እንቁላልም ወተትም ቅቤም እያልሽ ዘርዝሪላቸው። ደግሞ በሰሜን ብዙ ቤት የአዲስ ዓመት ጠዋት ጅያውዚው ያለ ሥጋ ነው፣ ዓመቱ ሰላም እንዲሆን፤ ስለዚህ ያን ያህል እንግዳ አትሆኚባቸውም። አንዱ ውስጥ ሳንቲም ሊደበቅ ስለሚችል ጥርስሽን ጠብቂ።

ዓሣው ሲመጣም አትደንግጪ። "ዩ" ዓሣም ነው፣ ትርፍም ነው፣ ድምፁ አንድ ነው። ስለዚህ ተርፎ እንዲያድር ሆን ብለው ይተዉታል፤ ያልነካሽውን የሚቆጥርብሽ የለም።

የግድግዳ ሰዓት፦ በስጦታ እኔን ያየሽ ተቀጪ። በመጀመሪያ ዓመቴ የላሊበላ ሥዕል ያለበት የግድግዳ ሰዓት ከአዲስ አበባ አስመጥቼ የአስተማሪዬ ቤት ይዤ ሄድኩ። ለካ "ሰዓት መስጠት" በቻይንኛ ሟችን ከመሸኘት ጋር ድምፁ አንድ ነው! ሰውዬው ፈገግ ብለው አንድ ዩዋን እጄ ላይ አኖሩልኝ። እኔ ግራ ገብቶኝ ተቀበልኩ። ልጃቸው ሲሸኘኝ ነው የነገረኝ፤ ገዛሁት እንጂ አልተሰጠኝም ለማለት ነው፣ ገዱ እንዲሻር። ስሙ የመለያየት ድምፅ ስላለው ፒርም ይቅርብሽ፤ ነጭ አበባም እንዲሁ። መንደሪን፣ አፕል፣ ሻይ ጥሩ ነው፤ ጥንድ ጥንድ አድርጊው፣ አራት ግን አይሁን። አራት ሞት ይመስላል።

ነጋዴው ከጓንጁ፦ ቀሚሱን ተይው፤ ነጭ የሐዘን ልብስ ነው። ቀይ ሹራብ ካለሽ ይበቃሻል። ሌላው፣ ቀይ ፖስታ ውስጥ ገንዘብ ከሰጡሽ በሁለት እጅ ተቀበይ፣ ፊታቸው አትክፈቺ። እዚህ ደቡብ ያገባ ላላገባ ስለሚሰጥ የካቲት ሲመጣ ኪሴ ያልቃል፤ አንቺ ተማሪ ነሽ፣ ማንም አይጠብቅብሽም።

የግድግዳ ሰዓት፦ ወጣቶቹ ነጭ ብትለብሺ ምንም አይላቸውም። አያት ካሉ ነው ችግሩ።

አምስት ዓመት ጂናን፦ ገጠር ነው እኮ፣ አያት ይኖራሉ። አንድ ሌላ ነገር፦ ማግስቱን ልርዳ ብለሽ መጥረጊያ እንዳታነሺ። ጽዳቱ ከበዓሉ በፊት ያልቃል፤ በአንደኛው ቀን መጥረግ ዕድልን ወደ ውጭ መጥረግ ነው።

ወረቀት አዋቂ፦ ስለ ምግቡ ስታወሩ ዋናውን ረሳችሁት። የውጭ ዜጋ ግለሰብ ቤት ሲያድር በ24 ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ጋ መመዝገብ አለበት። ፓስፖርትሽን ያዢ፤ ጓደኛሽ በአካባቢው ጣቢያ አስቀድማ ትጠይቅ። የባቡር ትኬት የሚለቀቀው የጉዞውን ዕለት ጨምሮ 15 ቀን ሲቀረው ነው፤ ሰዓቱን ጠብቂ፣ ያን ሰሞን አገሩ በሙሉ ወደ ቤቱ ይጎርፋል።

የቲያንጂን ተማሪ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ፓኬት የይርጋጨፌ ቡና በቀይ ወረቀት እጠቀልላለሁ። ጀበናዬንም ልውሰደው?

ነጋዴው ከጓንጁ፦ ውሰጂ እንጂ! ስኒው ብቻ አራት እንዳይሆን።