አያቴ ስለ ዘመዶቻችን ያልመለሰችልኝን ጥያቄ ጎንደር ውስጥ እንዴት ልከታተል?

የልጅ ልጅ

የተከበራችሁ የጎንደር ወገኖች፣

ቤተሰቦቼ ከጎንደር ተነሥተው በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ ገዳሪፍ ከከረሙ በኋላም ወደ ካናዳ ተሻገሩ። የወጡበት ዓመት 1969 ይሁን 1970 ዓ.ም. በቤታችን ስምምነት የለም። እኔ የተወለድሁት ካናዳ ሲሆን፣ አማርኛውንም ፊደሉንም ያስተማረችኝ ያሳደገችኝ አያቴ ናት። በዚህ ዓመት ለሥራ ጎንደር መጥቻለሁ። ከመነሣቴ በፊት ስለ ዘመዶቻችን ብጠይቃት፣ «አገራችን ጎንደር ነው፤ ሌላው ምን ያደርግልሻል?» ከማለት በቀር የጨመረችልኝ ነገር የለም።

በእጄ ያለው ከስደተኞች ምዝገባ የተገለበጠ አንድ ወረቀት ነው፤ እሱም ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። እናቴና አጎቴ ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ጃንዋሪ 1 ቀን 1972 እንደተወለዱ ተጽፏል፤ መንትያ ግን አይደሉም፣ መልካቸውም አይገናኝም። አያቴ በ1933 ተወለደች ይላል፤ እሷ ደግሞ ጣሊያን ከጎንደር ሲወጣ በእናቷ ጀርባ ታዝላ እንደነበር ሲነገራት ማደጓን ትናገራለች። የስምንት ዓመት ልጅ እንዴት ትታዘላለች? እናቴ የምትጠራበት የአባት ስም አንድ ሆኖ ሳለ፣ አያቴ ለባሏ ነፍስ ስትጸልይ ግን «ወልደ» ብሎ በሚጀምር ሌላ ስም ታነሣዋለች። እንዴት እንደሞተ ነግራን አታውቅም። ከየት ልጀምር?

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ ከሚቀለው ልነሣ። 1933 የተባለው የእኛው ዓመት ይመስለኛል። መዝጋቢው አያትሽ የነገረችውን ቁጥር ሳያሰላ በፈረንጅ ዓመት ቦታ አስፍሮታል፤ 1933 ዓ.ም. በእነሱ 1940 ወይም 1941 ይሆናል። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት በ1933 ሚያዝያ ነው፤ ጎንደር ግን የጣሊያን የመጨረሻ ምሽግ ስለነበረች ጄኔራል ናሲ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ አያትሽ ያን ጊዜ ገና ጡት ያልጣለች ሕፃን ነበረች፤ መታዘሏ አያጠራጥርም። ወረቀቱ ሰባት ስምንት ዓመት አስረጅቷታል።

«ወልደ» የሚለውም የአያትሽ ባል የክርስትና ስም ነው። ወንድ በ40 ቀን፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ የሚወጣላቸው ስም ይህ ነው፤ ጸሎተ ፍትሐት የሚደረገውም በእሱ ነው። ስለዚህ ሁለት ሰው አትፈልጊ።

ስለ ዘመዶችሽ ግን ጥቂት ማስረዘም ይኖርብኛል። በበጌምድር ርስት በአባትም በእናትም ወገን ይወረድ ስለነበር፣ መሬት የሚጠይቅ ሰው ራሱን ከአቅኚው አባት ጋር የሚያገናኘውን ትውልድ በሽማግሌና በዳኛ ፊት ቆጥሮ ማስረዳት ነበረበት። በዚያ ዘመን ትውልድ መቁጠር የእንጀራ ጉዳይ ነበር፤ የእናቱን እናት ወገን ያልቆጠረ ሰው ድርሻውን ያጣል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሲሆን ለዚህ ሁሉ ቆጠራ ምክንያት የነበረው ነገር ቀረ፤ ለጋብቻ ሲባል እስከ ሰባት ቤት ከመቁጠር በቀር ልጆቻችንን ያስጠናናቸው የለም። አያትሽ ግን ያኔ የሠላሳ አራት ዓመት ያህል ሴት ስለነበረች ሳትሰማው አልቀረችም። «ዘመዶቻችን እነማን ናቸው?» ስትያት መልስ ያጣችው ጥያቄው እሷ ከለመደችው መንገድ ስላልመጣ ይሆናል። «አባትሽ በየት በየት ይካፈል ነበር? የእናትሽስ ድርሻ በማን በኩል ነበር? ከማን ጋር ተሟገቱ?» ብለሽ ሞክሪያት።

ደግሞም ጎንደር ስትል ከተማውን ላይሆን ይችላል። ደምቢያም፣ ጭልጋም፣ አርማጭሆም፣ ወገራም ከሱዳን ሆነው ሲጠሩት ሁሉም ጎንደር ነው። የምትዘክረው ታቦት ካለ የትኛው እንደሆነና ቀኑን ንገሪኝ።

የገዳሪፍ ልጅ

እህቴ፣ እኔም በልጅነቴ ገዳሪፍ ስለኖርሁ የጃንዋሪውን ነገር አውቀዋለሁ። የልደት ቀኑን የማያውቅ ሁሉ በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ቀን እንደተወለደ ይጻፍለታል፤ ዓመቱም በመዝጋቢው ግምት የሚሞላበት ጊዜ ብዙ ነበር። ስለዚህ ሁለት ልጆች በአንድ ቀን መጻፋቸው ብቻውን ምንም አያስረዳም።

መልካቸው አይገናኝም ያልሽውን ግን በጥንቃቄ ያዥው። በመንገድ ወላጆቹ የሞቱበትን ወይም ወደ ኋላ የቀሩበትን የእህት፣ አንዳንዴም የጎረቤት ልጅ የራስ ልጅ አድርጎ ማስመዝገብ የተለመደ ነበር፤ ያለዚያ ልጁ ለብቻው ይቆጠርና ራሽኑም ጉዞውም ከቤተሰቡ ይለያል። አንዳንዱ ይህን ማጭበርበር ይለዋል፤ እኔ ግን እንዲህ ያደረጉትን እናቶች የምወቅስበት አፍ የለኝም። በአጎትሽ ይህ ደርሷል ማለቴ አይደለም። ደርሶ ከሆነ ግን ነገሩ በመጀመሪያ የእሱ ነው፤ ወረቀቱን በአደባባይ አትለጥፊ፤ የዘረመል ምርመራም ብታስቢ እሱ ሳያውቅና ሳይፈቅድ አታድርጊው።

የአዘዞ ሰው

መምህር ስለ ሙግት ያሉት ትንሽ ያሠጋኛል። የርስት ሙግት ስንቱን ቤት ደም ያቃባ ነገር ስለሆነ፣ ሴትዮዋ የምትሸሸው እሱኑ ሊሆን ይችላል።

ዝምታዋን በተመለከተ ዘመኑን ማሰብ ይገባል። በ1969 ዓ.ም. ደርግን ይወጋ የነበረው ኢዲዩ ሑመራንና መተማን ይዞ ወደ ጎንደር ሲገፋ ደርግ ሚሊሻ አዝምቶ መለሰው፤ በከተማው ደግሞ ኢሕአፓ ነው የተባለ ወጣት ይታደን ነበር። በሻለቃ መላኩ ተፈራ የአስተዳደር ዘመን «መላኩ ተፈራ የእግዜር ታናሽ ወንድም፣ የዛሬን ማርልኝ ሁለተኛ አልወልድም» የተባለው እዚህ ነው። በዚያ ወቅት የባልን ወይም የወንድምን ስም ማንሣት ሰው ማስያዝ ስለነበር፣ አፏን ዘግታ ልጆቿን ያወጣች እናት ዛሬ ካናዳ ተቀምጣም ልማዱ ላይለቃት ይችላል። «ለምን ወጣችሁ?» አትበያት። «የጓንግን ወንዝ ስትሻገሩ ሞልቶ ነበር ወይ?» ብትያት ግን ትመልስልሽ ይሆናል። ከ1969 ክረምት በፊት ከሆነ ጦርነቱን፣ ከዚያ በኋላ በ1970 በጋ ከሆነ ቀይ ሽብሩን ሸሽተው ሊሆን ይችላል።

የልጅ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስለ አጎቴ የተሰጠኝን ምክር ተቀብያለሁ፤ ወረቀቱን ለማንም አላሳይም። ትናንት ማታ ለአያቴ ደውዬ የወንዙን ጥያቄ ጠየቅኋት። ውሃው ጉልበት አይደርስም ነበር፣ ሌሊትም ይበርድ ነበር አለችኝ፤ ወዲያውም ወሬ ቀየረች። መምህር ስለ ታቦት ለጠየቁኝ፦ በየዓመቱ ኅዳር 6 ቀን፣ ታማም ቢሆን፣ ዳቦ ደፍታ ጠላ ጠምቃ ጎረቤት ትጠራለች።

ጡረተኛው መምህር

ኅዳር 6 ቁስቋም ናት። ሌላም አገር በዚሁ ስም የተተከለ ታቦት ስላለ ፍጹም ማስረጃ አይሆንም፤ ጎንደር ላይ ግን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ከከተማው ዳር ካለው ኮረብታ ላይ አለልሽ፣ ከእሱ ጀምሪ። ወንድሜ የአዘዞ ሰው ያነሣው ሥጋት ተገቢ ነው፤ ሙግቱን ተዪውና ድርሻውን ብቻ ጠይቂያት።

ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱን አነጋግረሽ፣ በቁስቋም ስም የሚጠጣ የጽዋ ማኅበር ካለ ሙሴውን፣ ማለት የማኅበሩን አለቃ፣ እንዲያሳዩሽ ለምኛቸው። በዕድሜ የገፉ ማኅበርተኞች ቢገኙ የአያትሽን ባል በወረቀቱ ስም ብቻ አትጠይቂያቸው፤ የክርስትና ስሙን አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ሄደሽ ያገኘሽውን እዚሁ ጻፊልን። ሰው የሚያስፈልግሽ ከሆነም እኔና ባለቤቴ አብረንሽ እንወጣለን።