በቴሌቪዥን ዕቃ መሸጥ እንጀራ ይሆናል? የምታውቁ ንገሩኝ

ሚሚ ዘ ሜሪላንድ

ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ከመጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው። በሳምንቱ መሐል ሆቴል እሠራለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ትልቅ መደብር ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግቼ ብሌንደር አሳያለሁ። ጎመን፣ ሙዝና በረዶ እፈጫለሁ፣ በትንንሽ ኩባያ አቀምሳለሁ፣ የወደደው ይገዛል። በሰዓት ይከፈለኛል፤ ከሸጥኩትም ላይ ትንሽ ይታሰብልኛል።

ባለፈው ወር ዕቃውን የሚያከፋፍለው ሰውዬ ራቅ ብሎ ሲያየኝ ቆየና «አንቺ እኮ ለቲቪ ነው የተፈጠርሽው» አለኝ። ቪዲዮ ተቀርጬ እንድልክለት ጠየቀኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። እናቴ ስነግራት «ይሄን ሁሉ ተምረሽ ለዕቃ ልትጮኺ ነው?» ብላ አዘነች።

ይሄ ነገር ሙያ ነው ወይስ የአንድ ሰሞን ዕድል? እነዚያ ሌሊት ሌሊት በቲቪ የሚሸጡት ሰዎች ከየት ነው የመጡት? እኔ ደግሞ አክሰንት አለኝ።

ታዴ ከሲያትል

እህቴ፣ ቅር እንዳይልሽ። እኔ ብሆን የነርስ ረዳት ኮርስ እወስድ ነበር። ቲቪ ላይ የሚወጣው ከሺህ አንድ ነው። ኪራይ በተስፋ አይከፈልም። ቪዲዮውን ላኪ፣ ግን የሆቴሉን ሥራ እንዳትለቂ።

የአደባባይ ሻጭ

ልጄ፣ ታዴ ሥራሽን አትልቀቂ ያለው ልክ ነው። ግን ሙያ ነው። እኔ 11 ዓመት ኖሬበታለሁ። በቲቪ አይደለም፤ በየባዛሩና በየስቴት ፌሩ (በየክፍለ ግዛቱ ዓመታዊ ትርኢት) እየዞርኩ መወልወያና ቢላዋ ሸጫለሁ። ሁለት ልጆች ያሳደግኩበት ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ።

እዚህ አገር የገባሁት በፈረንጆቹ 2001 ነው። ሌሊት ፓርኪንግ ውስጥ ነበር የምሠራው። ገንዘብ የምንቀበልባት ክፍል ውስጥ አንዲት ትንሽ ቲቪ ነበረች። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ማስታወቂያ ብቻ ነው። እንግሊዝኛ የለመድኩት ከዚያ ነው። አንዱን ነገር አሥር ጊዜ ይሉታል፤ እያሉም በእጃቸው ያሳዩሻል። «ፈሰሰ» ሲል ያፈሰዋል፣ «ጠረግኩት» ሲል ይጠርገዋል። እንደዚያ ያለ አስተማሪ አላገኘሁም።

ከሁሉም የምወደው ቢሊ ሜይስን ነበር። ጥቁር ጺም፣ ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ካኪ ሱሪ። ድምፁ ግድግዳ ያናውጣል። ቲቪ ላይ የተወለደ ነው የሚመስለው። ግን በ1958 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ማኪስ ሮክስ በምትባል ከተማ የተወለደ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አቋረጠ፣ አባቱ ድርጅት ውስጥ ሠራ። በ1983 አትላንቲክ ሲቲ ሄደና ባሕሩ ዳር ባለው የእንጨት መንገድ ላይ ለአላፊ አግዳሚው የማጠቢያ ዕቃ መሸጥ ጀመረ። ሙያውን ያስተማሩት እዚያ የነበሩት አንጋፋ ሻጮች ናቸው። ከዚያ በየኤግዚቢሽኑ ዞረ። በ1993 ፒትስበርግ ላይ ከማክስ አፔል ጋር ተዋወቀ፤ የኦሬንጅ ግሎ ኩባንያ መሥራች ነው። በቲቪ ኦክሲክሊን የሚባለውን የእድፍ ማጽጃ ዱቄት የሸጠልን ከዚያ ወዲህ ነው። እንግዲህ ቁጠሪው። ማክስን እስኪያገኝ ድረስ አሥር ዓመት ቆሞ ጮኋል።

ከእሱ በፊት ደግሞ ሮን ፖፒል ነበር። አባቱ የወጥ ቤት ዕቃ ፈልሳፊ ነው። ሮን በወጣትነቱ የአባቱን ዕቃ ቺካጎ ማክስዌል ስትሪት ላይ ይሸጥ ነበር። ማክስዌል ስትሪትን የቺካጎ መርካቶ በዪው። ወደ ቲቪ እንዴት እንደገቡ ስሰማ በጣም ነው የገረመኝ። አባቱ የፈለሰፈው አትክልት መክተፊያ ከመፍጠኑ የተነሣ ሻጩ ለአንድ ቀን የሚበቃውን ሽንኩርትና ካሮት ተሸክሞ መዞር አቃተው። ስለዚህ አንዴ ከትፈው ቀረጹት። የተቀረጸውን ወደ ጣቢያ መውሰድ ከዚያ በኋላ ቀላል ነው። በ1998 ዶሮ እያዞረ የሚጠብስ ምድጃ ይዞ መጣ። «አስተካክለህ ክፈተው፣ ከዚያ...» ሲል ስቱዲዮ የተቀመጠው ሰው በአንድ ድምፅ «እርሳው!» ይላል። ዋጋው 39 ዶላር ከ95 ሳንቲም፣ አራት ጊዜ የሚከፈል። ሮን በ2005 ኩባንያውን ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሸጠው። በ2021 በ86 ዓመቱ አረፈ።

ሁለቱም ካሜራ ሳያዩ በፊት ሰው ፊት ቆመዋል። አንቺም አሁን የቆምሽው እዚያው ላይ ነው። ለእናትሽ ይሄን ንገሪያት።

አሁን ስለ ሥራው። ሰው ማስቆም ከባድ አይደለም። ብሌንደሩ ሲጮህ ይቆማል። ከባዱ ከማየት ወደ መግዛት የሚዞርባት ቅጽበት ናት። ሻጮቹ «መዞሪያ» ነው የሚሏት። የመጀመሪያው ዓመት ላይ አንድ ፌር ላይ አርባ የሚያህል ሰው ከብቦኝ ነበር። መወልወያውን አሳየሁ፣ ሳቁ፣ አጨበጨቡ። ዋጋውን ነገርኳቸው። ሁሉም ሄዱ። አንድም አልቀረም። ጎኔ ቢላዋ የሚሸጥ ሽማግሌ ነበር። ቡና ገዛልኝና «ዋጋውን ስትናገር እጅህ ለምን ይቆማል?» አለኝ። አላስተዋልኩትም ነበር። ዋጋው ላይ ስደርስ መወልወያውን አስቀምጬ፣ እጄን አጣምሬ፣ ፊታቸውን አያለሁ ለካ። እስከዚያ ድረስ የማሳይ ሰው ነበርኩ፤ እዚያ ላይ የምለምን ሰው ሆንኩ። ሰው ደግሞ ሲለመን ይሄዳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋጋውን ወለሉን እየወለወልኩ ነው የምናገረው።

ሚሚ ዘ ሜሪላንድ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለቴ አነበብኩት። እኔም ዋጋው ላይ ስደርስ ብሌንደሩን አጥፍቼ ነው የምናገረው! ድምፁ ስለሚረብሽ ነው ብዬ ነበር። ክፍያው እንዴት ነው? አክሰንቴስ?

ሳራ ዴንቨር

እኔ ስልክ ከሚያነሡት አንዷ ነበርኩ። «አሁኑኑ ይደውሉ» ሲሉ የሚደወለው እኛ ጋ ነው። ከውስጥ ያየሁትን ልንገርሽ።

ረዥሙ ማስታወቂያ 28 ደቂቃ ተኩል ነው። ይሄን ያህል ጊዜ መሸጥ የተቻለው በ1984 መንግሥት በቲቪ ማስታወቂያ ርዝመት ላይ የነበረውን ገደብ ካነሣ በኋላ ነው። ሌሊት የሚያሳዩት ሰዓቱ ርካሽ ስለሆነ ነው። መጀመሪያ ጥቂት ቦታዎች ላይ ይሞክሩታል። ለየጣቢያው የተለያየ ስልክ ቁጥር ይሰጣል። የደወልሽበትን ቁጥር አይተን የትኛው ጣቢያ እንደሸጠ እናውቃለን። የአየር ሰዓቱን ወጪ የማይመልስ ከሆነ ማስታወቂያው ይቆማል። አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ሻጩ ጎበዝ ቢሆንም ይቀራል። ስለዚህ አንዱ ቢወድቅ ያንቺ ጥፋት ነው ብለሽ እንዳትሰበሪ።

የአደባባይ ሻጭ

ሳራ ያለችው ትክክል ነው። ክፍያው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ለቀረጻው አንዴ የሚሰጥሽ ነው። ሌላው ከእያንዳንዱ ከሚሸጠው ዕቃ የሚደርስሽ ሮያሊቲ ነው። ትልቁ ገንዘብ ሁለተኛው ላይ ነው። ግን በጽሑፍ ካልሆነ የለም። እኔን አንድ አከፋፋይ «ቪዲዮው ለሙከራ ነው» ብሎ ቀረጸኝ። ከወራት በኋላ ፊቴን ሱቅ ውስጥ ስክሪን ላይ አየሁት። ቀኑን ሙሉ እኔ እየሸጥኩ፣ አንድ ሳንቲም አልደረሰኝም። የፈረምኩትን ወረቀት አላነበብኩትም ነበር። ቪዲዮውን ከመላክሽ በፊት የት እንደሚታይና ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ይጻፍልሽ። ጠበቃ ይየው።

አክሰንቱን እርሺው። አንቶኒ ሱሊቫን የሚባለው የቲቪ ሻጭ እንግሊዛዊ ነው፤ በእንግሊዝ አነጋገሩ አሜሪካውያን ላይ ስንት ዓመት ሸጠ። ቀስ በዪ፣ አጭር ተናገሪ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ያልሞከርሽውን ዕቃ እንዳትሸጪ። በተለይ «ያከሳል»፣ «ይፈውሳል» ከሚል ነገር ራቂ። ኬቨን ትሩዶ የሚባል በጣም የታወቀ የቲቪ ሻጭ ነበር። ስለ ማክሻ መጽሐፉ በቲቪ የተናገረው ውሸት ሆኖ ተገኘና፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ በመጣሱ በ2014 አሥር ዓመት ተፈረደበት። የሚያሳዝነኝ ችሎታው ነው። አንደበቱ ለጥሩ ዕቃ ቢሆን ኖሮ ስንቱን ሰው ይጠቅም ነበር።

ቢሊ ሜይስ በ2009 ሰኔ ውስጥ ነው የሞተው። ገና ሃምሳ ዓመቱ ነበር። ሬሳ ሣጥኑን የተሸከሙት ሰዎች ሰማያዊ ሸሚዝና ካኪ ሱሪ ለብሰው ነበር። እኔም በዚያ ሳምንት ገበያ ስወጣ ሰማያዊ ሸሚዝ ለበስኩ። ጎኔ የነበሩት ሦስት ሻጮችም ለብሰው መጡ። አልተነጋገርንም ነበር።

ሚሚ ዘ ሜሪላንድ

ተመለስኩ። ቅዳሜ ሞከርኩት። ብሌንደሩን ሳላጠፋ፣ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጌ፣ ዋጋውን እየቀዳሁ ተናገርኩ። አንዲት እናት ኩባያውን ስትቀበለኝ «ስንት አልሽ?» ብላ ደግማ ጠየቀችኝ። እንደገና እየቀዳሁ ነገርኳት። ካርቶኑን ራሷ አነሣችው። እስካሁን በቀን ከስድስት በላይ ሸጬ አላውቅም። ቅዳሜ አሥራ አንድ ሸጥኩ።

ለሰውዬውም ጻፍኩለት። መጀመሪያ ውሉን ላክልኝ አልኩት። እስካሁን አልመለሰም።

የአደባባይ ሻጭ

ጎሽ ልጄ! እሱን ተይው፣ ቁም ነገረኛ ከሆነ ይመልሳል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዢ። ስንት ሰው እንደቆመና ስንቱ ዋጋውን ሰምቶ እንደሄደ ጻፊ። የሄዱት ምን ላይ እያለሽ እንደሄዱም አስታውሺ። እሁድ ማታ እዚህ አምጪው፣ አብረን እናየዋለን።