ላብራዱድሏን ከየትኛው ወንድ ላዳቅላት?

ሴቷ የመጀመሪያ ትውልድ ላብራዱድል (የላብራዶርና የፑድል ቀጥተኛ ድቅል) ናት፤ ዳሌዋ በራጅ ጥሩ ነው፣ ግን ዓይንን ቀስ በቀስ የሚያሳውረውን ፒአርሲዲ የተባለ የዘር ጉድለት ተሸካሚ (ራሷ ሳትታመም ለልጆቿ ልታስተላልፍ የምትችል) ሆና ተገኘች። አጋዥ ውሻ የሚሆኑ ቡችላዎች ለማግኘት ያሰብኩት ወንድ፣ አጠገቡ ድስት ቢወድቅ ጆሮውን ብቻ አቁሞ የሚተኛ፣ እንደሷው የመጀመሪያ ትውልድ ነው። ጉዱ ግን እሱም ተሸካሚ ነው! እያንዳንዱ ቡችላ 25 በመቶ የመታወር ዕድል አለው ማለት ነው። ፊት ላይ ጺም የሚያበቅለውን ጂንም ሁለቱ አንድ አንድ ቅጂ ብቻ ስለያዙ፣ ከአራት አንዱ ገደማ ጺም አልባና ጸጉሩ የሚረግፍ ይሆናል።

ሌላው አማራጭ ከጉድለቱ ነጻ የሆነ ፑድል ነው። ከሱ የሚታወርም ጺም አልባም አይወለድም። ችግሩ ድንጉጥ ነው፤ በር ሲጋጭ ሸሽቶ ቶሎ አይረጋጋም፣ ጠባዩ ደግሞ ይወረሳል።

እንቁላል የምትለቅበትን ጊዜ የሚጠቁመው ሆርሞን፣ ፕሮጄስትሮኗ፣ በሚሊ ሊትር 5 ናኖግራም ሊደርስ ነው፤ ከዚያ በሁለተኛው ቀን መገናኘት አለባቸው። ከፑድሉ አዳቅዬ የቡችላዎቹን ጠባይ በ7ኛው ሳምንት ልፈትን ወይስ ይህን ዙር አሳልፌ ሦስተኛ ወንድ ልፈልግ?