ልጄ ኮሪያ ነው፤ የምርጫ ወረቀቱ እኔ ቤት መጣ

የቬጋሷ እናት (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ የአሜሪካ ጦር ውስጥ ነው። አሁን ደቡብ ኮሪያ ካምፕ ሃምፍሪስ ይገኛል። ትናንት በስሙ የድምፅ መስጫ ወረቀት እዚህ ላስ ቬጋስ ቤታችን መጣ። ፖስታውን ፍሪጅ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ስደውልለት «እማዬ፣ አንቺው ሙይና ላኪው» አለኝ። ማንን እንደሚመርጥም ነግሮኛል። ፊርማውን ደግሞ በደንብ አውቀዋለሁ። ልፈርምለት?

ጡረተኛው ሳጅን፦
እትዬ፣ በፍጹም እንዳያደርጉት! በሰው ስም መፈረም ወንጀል ነው። ፊርማው ካልገጠመ ደግሞ ድምፁም ላይቆጠር ይችላል።
ኔቫዳ ውስጥ ለወታደር ቀላል መንገድ አለ። የግዛቱ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት መሥሪያ ቤት ከ2014 ጀምሮ «ኢዝ» የሚባል የኢንተርኔት አገልግሎት አለው። መመዝገቡም፣ ወረቀቱን መሙላቱም፣ መላኩም እዚያው ያልቃል። ልጁ ራሱ ይግባበት። ቤት የመጣውን ግን አይንኩት።

ሄለን ከሄንደርሰን፦
ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ሲባል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ እንዳይመስልዎት እናቴ 😀 እኔ ዓመት ሙሉ ተምታቶብኝ ነበር። የግዛቱ ደግሞ ሌላ ነው፤ ምርጫን የሚመራው እሱ ነው።

የቬጋሷ እናት፦
እኔም ሚኒስትሩ ነበር የመሰለኝ! ኮምፒውተር ባይመቸውስ?

ጡረተኛው ሳጅን፦
በፖስታም ይሆናል። አንድ የፌዴራል ቅጽ አለ፤ ምዝገባውንም ወረቀት መጠየቁንም ባንዴ ይጨርሳል። በ2009 በወጣው ሕግ መሠረት በጊዜ ለጠየቀ ወታደር ወረቀቱ ከፌዴራል ምርጫ 45 ቀን ቀድሞ መላክ አለበት። ከዘገየበት የመጠባበቂያ ወረቀት አለ። ክፍሉ ውስጥ የምርጫ ረዳት መኮንን ይኖራል፤ እሱን ይጠይቅ። እኔ ጀርመን ሳለሁ የኛው ሰውዬ ቅጹን ምሳ ሰዓት ላይ እየዞረ ያድለን ነበር።

ታክሲ ነጂው፦
ሰዓቷን ልብ በሉ። በኢንተርኔት የሚላከው የምርጫው ቀን ኔቫዳ ምሽት 1 ሰዓት ላይ ይዘጋል። በፈረንጁ 7 ማለት ነው። ኮሪያ በዚያን ጊዜ ረቡዕ እኩለ ቀን ይሆናል። አንድ ጓደኛችን ለልጁ «ሰባት ሰዓት» ብሎ ነግሮት ሲጨቃጨቁ ሰነበቱ፤ አንዱ በሐበሻ፣ አንዱ በፈረንጅ!

ሄለን ከሄንደርሰን፦
ይቅርታ፣ ልጁ ዜጋ ነው አይደል? በግሪን ካርድ ጦር ውስጥ ገብተው የሚያገለግሉ አሉ። ዩኒፎርም መልበስ ብቻውን አያስመርጥም። ዜግነት ሳይገኝ ተመዝግቦ መምረጥ በኋላ ጉዳዩን ሊያበላሽበት ይችላል።

የቬጋሷ እናት፦
ዜጋ ነው፣ ተመስገን።

ታክሲ ነጂው፦
ኮሪያ! የቃኘው ሻለቃ ልጅ በሉኛ። ሚስቱም አብራው ካለችና ዜጋ ከሆነች በዚሁ መንገድ መምረጥ ትችላለች። ከጦሩ ሲወጣ ግን እንደ ማንኛውም ሰው አድራሻውን ማስተካከል አለበት። የወንድሜ ልጅ ይህን ረስቶ ወረቀቱ አሮጌው ሰፈር ሄዶበታል።

የቬጋሷ እናት፦
ደውሎልኛል። ከሥራ ወጥቶ ላፕቶፑ ላይ በ«ኢዝ» ጨረሰው። «ሳትፈርሚ ቀረሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። ፖስታው አሁንም ፍሪጅ ላይ ነው፤ ልቅደደው?

ጡረተኛው ሳጅን፦
ልጁ መላኩ መድረሱን ያረጋግጥ። ከዚያ ይቅደዱት እትዬ።